ሳልጠራው የቀረ ሁለት ቅጠል

ባለፈው ወር ጉልበቴን ላፍታታ ክርያት ሐይም ወዳለው የሰፈራችን ማእከል ስሄድ፣ በተከፈተ በር በኩል አራት ጡረተኞች ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወቱ አየሁ። አንዳቸውም አይናገሩም። በየተጫዋቹ አጠገብ ትንሽ ሣጥን አለች፤ ሊሉት የፈለጉት ቃል በካርድ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እሱን መዘው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። እኔ በተጫወትኩበት ጊዜ ሁሉም ነገር በአፍ ነበር። የስፖርት አስተማሪዋ ስሜን እስክትጠራ ድረስ ከበሩ አልተነሣሁም።

ከጎንደር ወደዚህ አገር በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ካርሜል ተራራ ላይ የሚኖሩ አንዲት የሰማንያ ዓመት ሴት እንከባከብ ነበር። ሊዛ ይባላሉ። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚል ቃል ስለሌለው፣ የጎደለውን «ግቬረት»፣ ወይዘሮ እንደ ማለት፣ እያልኩ እሞላው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እስከ ቀትር በሌሊት ልብሳቸው ይቀመጣሉ። ማክሰኞ ብቻ ገና በማለዳው ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ይጠይቃሉ። ማክሰኞ የብሪጅ ክበባቸው ቀን ነው። ከቤት የሚያስወጣቸው ሌላ ነገር አልነበረም።

በዚያ ዓመት አብረዋቸው የሚጫወቱት ጓደኛቸው ሞቱ። ክበቡ ደግሞ ያለ አጋር አያስገባም።

«ያልጋነሽ፣ አንቺ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሻል። እስከ አሥራ ሦስት መቁጠር አያቅትሽም» አሉኝ።

ዝናቡን ሙሉ፣ ማለት ታኅሣሥንና ጥርን (እዚህ አገር ዝናቡ ያኔ ነው፣ እሱን ለመልመድም ዓመታት ፈጅቶብኛል)፣ የዶሮ ሾርባው እየፈላ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስተማሩኝ። ሁለት ሰዎች ከሁለት ሰዎች ጋር ይጫወታሉ። ካርታው ከመጣሉ በፊት ሁሉም በየተራው ከአሥራ ሦስቱ ዙር ስንቱን እንደሚያሸንፍና የትኛው ዓይነት ካርታ፣ ልብ ይሁን ቅጠል፣ አዛዥ እንደሚሆን ይጠራል። የሚጠራው ቁጥር ከስድስት በላይ ያለው ነው፤ ሁለት ብሎ የጠራ ስምንት ዙር አሸንፋለሁ ማለቱ ነው። የሚበልጥ ጥሪ የሌለው «ፓስ» ይላል። በአንድ ጥሪ ላይ ሦስት ሰው ተከታትሎ ፓስ ካለ ንግግሩ ተዘጋ።

ከሁሉም አጥብቀው ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነበር። «ሁለት ላይ ሲቆሙ አትተዪአቸው» ይሉኝ ነበር። «ያቆማቸው የካርታቸው ድህነት ነው። እነሱ ዘንድ የሌለው እኔ ዘንድ አለ። የመጨረሻው ተራ ያንቺ ከሆነ ተናገሪ። ብንወድቅም በትንሽ ነው የምንወድቀው።»

«እሺ፣ ግቬረት» እላለሁ።

የዓመቱ ጨዋታ የሚያልቀው በጸደይ፣ በየግቢው ያለው ሼሴክ የሚሉት ቢጫ ፍሬ በስሎ አስፋልቱ ላይ ሲረግፍ ነው። በነጥብ መጨረሻ የሚወጣው ጥንድ ቦታውን ወረፋ ለሚጠብቁ ይለቅቃል። እኛ ከመጨረሻዎቹ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብለን ወደ መጨረሻው ካርታ ደረስን። ተጋጣሚዎቻችን አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስና ሚስታቸው ነበሩ፤ ሁለቱም በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ።

«ሚስቴ መውጣት እንጂ መውረድ አታውቅም» አሉ መሐንዲሱ ካርታቸውን እየደረደሩ።

«አንተ ደግሞ መሰላሉን ታቅፈህ መሬት ላይ ትቀራለህ» አሉ ሚስትየው።

ሚስትየው አንድ ልብ ጠሩ። የእኔ ካርታ ደካማ ስለነበር ፓስ አልኩ። መሐንዲሱ ሁለት ልብ አሉ። ግቬረት ሊዛ ፓስ፣ ሚስትየውም ፓስ። ሁለት ላይ ቆሙ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

በእጄ አምስት ጥቁር ቅጠል ነበረኝ። ቅጠል ከልብ ይበልጣል፤ «ሁለት ቅጠል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የተማርኩት ሁሉ ለዚያች ደቂቃ እንደነበር ገብቶኛል። መሐንዲሱ የብዕራቸውን ክዳን ገጥመው በደግነት አዩኝና «ጨረስን አይደል፣ ልጄ?» አሉ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የዘጋውን ነገር ልጅ አይከፍተውም። ማንም ይህን ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ሲደረግ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተናግረው ጨርሰዋል። አፌን ስከፍት የወጣው «ፓስ» ነበር።

የጠሩትን ስምንት ዙር በትክክል አሸነፉ። አንድ ዓይነት ካርታ በየጠረጴዛው ስለሚዞር፣ ሌሎቹ ያገኙት ውጤት አብሮት በሚዞረው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በእኔ ቦታ የተቀመጡት ሁሉ ሁለት ቅጠል ጠርተው ነበር።

በአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ግቬረት ሊዛ «ስንት ቅጠል ነበረሽ?» አሉኝ።

«አምስት።»

«እኔ አራት ነበረኝ» አሉ። «ለምን አልተናገርሽም?»

«ጨርሰው ነበር።»

«ማን ጨረሰ? አንቺ ቀርተሽ አልነበር?» አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ ወጣን። ሳልነግራቸው ወደ ክበቡ ጸሐፊ ሄጄ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ሌላ አጋር እንድትፈልግላቸው ለመንኩ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ዝርዝሩ ተዘግቷል» አለች። ያን ቀን እንኳ አንድ ቃል መጨመር አልቻልኩም። «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብዬ ወጣሁ።

በመከር ክበቡ ሲከፈት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሰማያዊውን ቀሚስ ሳልጠየቅ አውጥቼ አልጋቸው ላይ ዘረጋሁት። ግቬረት ሊዛ አይተውት «መልሺው» አሉኝ። መለስኩት። ከዚያ በኋላ ማክሰኞም እንደ ሌላው ቀን ሆነ። ሁለት ዓመት ኖሩ። በቀብራቸው ላይ ልጃቸው እጄን ይዞ «እማዬ ጨዋነትሽን ሁልጊዜ ታወራልን ነበር» አለኝ። አመሰገንኩት።

አሁን ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ንግግሩ መሐል ይገባሉ። እቆጣቸዋለሁ፣ ግን እንደ ድሮው ከልቤ አይደለም። ወላጆቼ በደንብ አሳድገውኛል፤ አሳዳጊ የበደላት ብሎ የሰደበኝ ሰው የለም። ለዚያች አንዲት ማክሰኞ ብቻ ትንሽ በድለውኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።