ከጎፋ የደወለችው ልጅ

እናቴ አማርኛ የተማረችው ከሬድዮ ነው። ከሶዶ ተድራ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ስትገባ የምታውቀው አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አባቴ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ትንሿን ሬድዮ ከፍቶላት ይሄዳል፤ እሷም ጎመን እየቀነጠሰች፣ ልብስ እያሰጣች ቀኑን ሙሉ ታዳምጣለች። ስለዚህ አማርኛዋ እስከ ዛሬ የዜና አማርኛ ነው። ልጆች ሆነን ስንደባደብ መካከላችን ትቆምና "ሁለቱም ወገኖች ከድርጊታቸው እንዲቆጠቡ አሳስባለሁ" ትለን ነበር። ጎረቤት ይስቃል። እኛ ግን እንቆጠባለን።

ልጅነቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የቅዳሜ ከሰዓት ድምፅ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ምንጣፉ ላይ ትተኛለች፤ እኔም አጠገቧ። ሬድዮው ያወራል፣ የጎረቤት ሬድዮም ያንኑ ያወራል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንዲሁ። አንድ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያጫውት ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍና ወሬ ይቀላቀሉብኛል፤ የቱን እንደሰማሁ፣ የቱን እንዳለምኩ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

ከዚያ ድምፅ ውስጥ የጎረቤቶቻችን ላም አለች። ቅድመ አያቶቻቸው እዚያው መሬት ላይ ያርሱ ነበር። መሬቱ በቤት ሲሞላ ልጆቹ ግማሾቹ ሱቅ ከፈቱ፣ ግማሾቹ ሹፌር ሆኑ፤ ላም ማርባቱን ግን እርግፍ አድርገው አልተዉትም። አሁንም አንዲት ላም ከአጥራችን ወዲያ አለች። የምትታለብበት ሰዓት ሲደርስ እምቧ ትላለች፤ እናቴም ሰዓት ሳታይ "አሥር ሰዓት ሆነ" ትላለች።

አባቴ ካረፈ በኋላ ቤቱ ጭር እንዳይልባት ቴሌቪዥን ገዛንላት። በነጭ ዳንቴል አለበሰችው። ሬድዮው መደርደሪያው ላይ ቀረ፤ ቀን ቀን እሱን ትሰማለች፣ ማታ ማታ መንፈሳዊ ቻናል ትከፍታለች። አንድ ሰባኪ አለ፤ በፕሮግራሙ መጨረሻ "አንድ እጃችሁን የሚያማችሁ ቦታ፣ አንዱን ስክሪኑ ላይ አድርጉ" ይላል። እናቴ የደም ግፊት ነበረባት። ግፊት የቱ ጋ እንደሚያም ስላላወቀች አንድ እጇን ልቧ ላይ፣ አንዱን መስታወቱ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሰማያዊው ብርሃን በጣቶቿ መካከል ይወጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ አያት ነበር፤ አምርራ ስትጸልይ ደስ ትለኛለች።

አንድ ማታ እጇ ሞቀ። ከራሷ እስከ እግሯ ሙቀት ወረደባት። ረቡዕ በቤት ለቤት ጸሎት ላይ ተነሥታ "ጌታ ከግፊት ፈውሶኛል" ብላ መሰከረች፤ እህቶች አጨበጨቡ፣ አለቀሱም። ሰባኪው መድኃኒት ተዉ ብሎ አያውቅም። እሷ ግን መሰከረች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ክኒን መዋጥ ምስክርነቷን ውሸት ማድረግ መሰላት።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ዳንቴሉን ለማጠብ ሳነሣ ከሥሩ ያልተነኩ ክኒኖች አገኘሁ። ይዣቸው ወደ እሷ ሄድኩ።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ተፈውሻለሁ እኮ።"

"ተለክተሻል?"

"እግዚአብሔርን በመለኪያ ልፈትነው?" አለችና በዚያው በዜና ድምፅዋ ጨመረች፦ "በዚህ ጉዳይ ላይ ተጨማሪ አስተያየት አልሰጥም።"

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። በማለዳ ስትነሣ ሲያዞራት አልጋ ተደግፋ ስታሳልፈው አይቼ ደግሞ ለመንኳት። አባቴን በድንገት ነው ያጣነው፤ እሷንም እንዲሁ ማጣት ፈራሁ። እሷ ግን ፍርሃቴን የእምነት ጉድለት አድርጋ ቆጠረችውና ጸለየችልኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ የምሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከሚገኝበት ከሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ስመለስ ሬድዮው ስለ ጤና ያወራ ነበር። አንዲት ሴት ደውላ ስለ ባሏ ስኳር ትጠይቃለች፤ ሐኪሙ ይመልሳል። ኋላ ወንበር ላይ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ዝም አሉ። አንድ ሽማግሌ "ሹፌር፣ እስቲ ጨምርልን" አሉ። አሥራ ምናምን ሰው፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ለማናውቀው ሰው ስኳር ተጨንቀን መካኒሳ ደረስን። ስወርድ ሐሳቡ መጣልኝ። ይህን ፕሮግራም እናቴ አንድ ቅዳሜ አምልጧት አያውቅም።

በተከታዩ ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩና ምክንያት ፈጥሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ብዙ ጊዜ ሞክሬ ስልኩ ገባልኝ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከየት ነው የሚደውሉልን?"

"ከጎፋ" አልኩ። መካኒሳ ብል እናቴ ትጠረጥራለች ብዬ የጎረቤት ሰፈር ስም ጠራሁ።

"እባክዎ ሬድዮዎን ይቀንሱልን።"

ከመስኮቱ ራቅ አልኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። እናቴ ጸለየች፣ መሰከረች፣ መድኃኒት አቆመች፣ ጠዋት ጠዋት ያዞራታል አልኩ። የራሴ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ከቤት ውስጥ ይመጣል፤ ሌላ ሴት እናቴ አጠገብ ተቀምጣ የምታዋያት ይመስላል። ያቺ ሴት ከእኔ ይልቅ ረጋ ያለች ነበረች። "እናቴን እንዳላጣት ፈራሁ" ስል ግን ድምፄ ተሰበረ። ልክ በዚያች ቅጽበት ላሚቱ እምቧ አለች። አንዴ ከአጥሩ ወዲያ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በመስኮቱ ከሬድዮው ውስጥ። አፈርኩ።

ሐኪሙ አልሳቀም። "እህቴ፣ እናትዎን ከእምነታቸው ጋር አያጣሏቸው" አለ። "ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሕክምናውም ይቀጥል። ግፊት ሳይሰማን ነው የሚጎዳን። ዛሬውኑ ይለኩ።"

ስገባ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች።

"ክሊኒኩ አልተዘጋም አይደል?" አለችኝ።

ቀስ እያልን ወረድን። መንገድ ላይ "በሬድዮ አንዲት ልጅ ሰማሁ" አለች። "ከጎፋ ነው የደወለችው። አሳዘነችኝ። ለእሷ ስል ነው የምለካው።"

"እናቷ ምን ዓይነት ሴት ናት?" አልኩ።

"ግትር ናት።"

ነርሷ ለካቻት፤ እንደገናም ለካቻት። ከዚያ ሐኪም ጠራች። "ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ..." ብላ አልጨረሰችውም፤ እኔም አላስጨረስኳትም። መድኃኒቱ ተስተካክሎ ዳግም ተጀመረ።

እውነቱን ለመናገር ቀንቻለሁ። በሁለት እግሬ ፊቷ ቆሜ የለመንኳትን ያልሰማች እናት፣ ያንኑ ነገር ከሳጥን ውስጥ ስትሰማው ተነሥታ ነጠላ ለበሰች። ከዚያ ግን አሰብኩት። ይህ ሳጥን ቋንቋ ሰጥቷታል፤ ባይተዋር ሆና በመጣችበት ከተማ መጀመሪያ ያናገራት እሱ ነው። ቴሌቪዥኑም ቢሆን እጇን የያዘላት ማንም በሌለበት ማታ ነው። እኔ የምመጣው ከእነሱ ቀጥዬ ነው።

ረቡዕ እንደገና መሰከረች። "ጌታ በቴሌቪዥን ዳሰሰኝ፤ በሬድዮ ደግሞ ክኒንሽን ዋጪ አለኝ" ስትል እህቶች እንደ ፊተኛው አጨበጨቡ። አንዷማ የራሷን ክኒን መተዋን ነግራት በማግስቱ አብረው ክሊኒክ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ፕሮግራሙ እያለቀ ነበር። እናቴ መደርደሪያው ፊት ቆማለች። አንድ እጇ ልቧ ላይ፣ አንዱ ሬድዮው ላይ ነው፤ ዓይኗ ተጨፍኗል። ፀሐይዋ እንደ ልጅነቴ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ጌታ ሆይ" ትላለች፣ "ያቺን ከጎፋ የደወለችውን ልጅ አስባት። ፍርሃቷን ከላይዋ አንሣላት። እናቷ እየዋጠች እንደሆነ ንገርልኝ።"

ከአጥሩ ወዲያ ላሚቱ እምቧ አለች። እናቴ ዓይኗን አልገለጠችም።

"ጎፋ ላይ ላም ታረባለች መሰለኝ" አለች፣ "ላሟንም ባርክላት።"

አሜን አልኩ።