የዳማው ጉልበትና የእኔ

አምቦ ከገባሁ በኋላ ጉልበቴን መጀመሪያ ያየልኝ የከብት ሐኪም ነው። እኔ በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። አንድ ቀን ደረጃ ስወጣ የቀኝ ጉልበቴ ቋ ሲል ሰማና፣ «እስቲ እንደገና ውጪ» አለኝ። ወጣሁ። «ውረጂ።» ወረድኩ። ፈረስም የሚመረምረው እንደዚያው ነበር፤ እኔን ሶምሶማ አላዘዘኝም እንጂ።

«አጥንትና አጥንት በሚገናኙበት ላይ ለስላሳ ነጭ ነገር አለ፤ ልም አጥንት ይባላል። እሱ ሲያልቅ አጥንቱ እርስ በርሱ ይፋጫል። የጋሪ ፈረሶቹም ሕመም ይኸው ነው።»

«እኔ ጋሪ አልጎትትም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«እሰግዳለሁ።»

ይህንንም ጻፈው።

ከላስታ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት አንድ የጋሪ ነጂ ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ «ኦቦ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «እህት» ይሉኛል። እሳቸው ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። የጸሎት ቤታቸው በአብዮቱ ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቤታቸው ይጸልያሉ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ዳዊቴን እደግማለሁ። በሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም። የምናወራው ስለ ፈረሳቸው ነው።

ፈረሱ ዳማ ነው። የፊት ግራ እግሩ ጉልበቱ ላይ አብጦ ያነክሳል። ኦቦ በዚያ ዓመት በጾሙ መግቢያ ላይ አንገቱን እያሻሹ፣ «ያ ፈርዳ ኮ» አሉት፤ ወይ ፈረሴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እስከ ፋሲካ ካልተሻለው ከሁሉቃ ማዶ እለቀዋለሁ። ለሚተኛ ፈረስ የማበላው የለኝም» አሉኝ። ከወንዙ ማዶ የተለቀቀ ፈረስ ምን እንደሚሆን የአምቦ ሰው ያውቃል። ጅቦቹም ያውቃሉ።

ዶክተሩ በዚያው ሰሞን ሙከራ ጀመረ። ከቄራ ልም አጥንት እየሰበሰበ፣ አድርቆ ያስፈጫል። ውጭ አገር ሲማር ይህ ዱቄት ለእንስሳም ለሰውም መገጣጠሚያ ይበጃል የሚሉ እንዳሉ፣ የለም አይበጅም የሚሉም እንዳሉ ሰምቷል። በዓይኑ ለማየት ፈለገ። ከጋሪ ነጂዎች ማኅበር ጋር ተስማማ፦ የሚያነክሱት ፈረሶች እስከ ፋሲካ ጋሪ አይጠመዱም፤ በምትኩ መሥሪያ ቤቱ ፉርሽካ ይሰጣቸዋል። ለግማሾቹ በፉርሽካው ውስጥ ዱቄቱ ይገባል፣ ለግማሾቹ አይገባም። ባለቤቶቹ የትኛው እንደደረሳቸው ማወቅ የለባቸውም። «ሰው ደህና ነገር አገኘሁ ብሎ ካመነ፣ የሚያነክስ ፈረስም ቀጥ ብሎ ይታየዋል» አለ።

ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጆንያውን የማዘጋጀውም እኔ። ዳማው ባዶ ፉርሽካ ደረሰው።

«እህት፣ የእኔ ጆንያ ደህናው ነው?» አሉኝ ኦቦ።

«እንድናገር አልተፈቀደልኝም፣ ኦቦ።»

«አፍሽ ባይናገር ፊትሽ ተናገረ።»

«ፊቴ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝና፣ «እሱስ እውነት ነው» አሉ።

ዶክተሩ ለእኔም ከዱቄቱ በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከመቅመሴ በፊት ንስሐ አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ።

«የምን አጥንት ነው?» አሉኝ።

«የበሬ ነው፣ አባ።»

«በጾም?»

«መድኃኒት ነው ብለውኝ ነው።»

«ያድናል?»

«ገና አልታወቀም።»

«እንግዲያው እስኪታወቅ ጾሚ» አሉ። ቀጥለው ጉልበቴን አስታወሱና፣ «እስከ ስቅለት ስግደቱን ትተሽ ቆመሽ ጸልዪ። ይህን ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» አሉኝ። ደስ አላለኝም። ሰው ሁሉ በሚሰግድበት ወራት እንደ ባላባት ቆሜ መዋሌ ቅር አለኝ። ትእዛዝ ነውና ግን ጠበቅሁ።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ ስመለስ ግቢያችን በጋሪ ነጂዎች ተሞልቷል። መሬት ላይ ትልቅ ሸራ ተዘርግቶ የሁሉም ጆንያ ተዘርግፎበታል። የማኅበሩ ሊቀመንበር በአካፋ ያገላብጣል፤ ሌላው በጣሳ እየሰፈረ ለየባለቤቱ ይመልሳል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ነይ እህት፣ ግቢ» አለ ሊቀመንበሩ። «የሚሸት ጆንያ አለ፣ የማይሸት ጆንያ አለ። ይኸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እኩል እንካፈላለን። በኅብረተሰብአዊነት ዘመን አንዱ ፈረስ አጥንት ሲቆረጥም ሌላው እጁን አጣጥፎ ይይ?»

«ፈረስ እጅ የለውም» አሉ ኦቦ።

«አንተ ዝም በል! ላንተ ብለን ነው የምንደክመው።»

«ሙከራ እኮ ነው» አልኳቸው። «ልዩነት ከሌለ ዱቄቱ መጥቀም አለመጥቀሙ አይታወቅም።»

«ከጠቀመ ሁሉንም ይጥቀም። ካልጠቀመም ሁሉንም አይጥቀም።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ለዶክተሩ ብነግረው ሙከራው ይቆማል። ሙከራው ከቆመ ፉርሽካው ይቀራል፣ ፉርሽካው ከቀረ ዳማው ፋሲካን ሳያይ ማዶ ይሻገራል። ባልነግረው ደግሞ እየጾምኩ በሐሰት ወረቀት ላይ ልፈርም ነው። ሰኞ ጠዋት ነገርኩት።

«ሁሉንም ቀላቀሉት?»

«ሁሉንም።»

«በአካፋ?»

«በአካፋ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በቃ፣ ሙከራ የለንም።»

«ፉርሽካውስ፣ ዶክተር?»

«ፉርሽካው እስከ ፋሲካ ተፈቅዷል። ለማሰረዝ አዲስ አበባ መጻፍ አለብኝ። መልሱ እስኪመጣ ክረምት ይገባል። ይብሉት።»

ከቢሮው ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አማተብኩ። ለመንግሥት ጽሕፈት መዘግየት ፈጣሪን ያመሰገንኩት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው።

በስቅለት እንደ ሰው ሁሉ ሰገድኩ። ጉልበቴ ቋ ማለቱን አልተወም፤ ሕመሙ ግን እንደ ዱሮው አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ ፈረሶቹን ወደ ጊንጪ በሚወስደው አስፋልት ላይ አስሮጥናቸው። ዳማው ተራው ሲደርስ ኦቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። ፈረሱ ትንሽ አነከሰና ተስተካከለ፤ ከዚያም ሶምሶማ ሄደ።

«ገለኒ ዋቃዮፍ!» አሉ ኦቦ፤ ምስጋና ለእግዚአብሔር ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ዱቄቱን አመሰገነ። ዶክተሩ፣ «ሁለት ወር ሙሉ ጋሪ አልጎተተም፤ ዕረፍት ነው» አለ። አውቶቡስ እየመጣ ስለነበር ክርክሩ አልቀጠለም፤ ሁላችንም ከመንገዱ ወረድን።

ዳማው ማዶ እንደማይሄድ በታወቀ ማግስት ኦቦ በጣሳ አንድ ነገር ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ። የአጥንት ዱቄት ነው።

«ማኅበሩ ነው የላከልሽ። ስንካፈል ያንቺን ድርሻ ለብቻ አስቀምጠን ነበር። ጾም ነሽ ብለን ነው ያልሰጠንሽ።»

ከሚያነክሱት ጋር ቆጥረውኝ ኖሯል። አመስግኜ ተቀበልኩ። ሽታው ግን አልቻልኩትም፤ ለዳማው ይሻላል ብዬ ወደ ጋጣው ወሰድኩለት። አሸተተው። የላይኛ ከንፈሩን ሰቅሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ኧረ እሱ በልቶት አያውቅም» አሉ ኦቦ ከኋላዬ። «ፉርሽካውን ለቅሞ ዱቄቱን ገንዳው ሥር ይተወዋል። እኔ ጠርጌ ለዶሮዎቹ ነው የምሰጠው።»

ይህንንም ለዶክተሩ ነገርኩት። ዶሮዎቹ ያነክሱ እንደነበር ጠየቀኝ። አያነክሱም ነበር።