በመካ መንገድ ላይ የጮኸው ፒያኖ

እኔ ከተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ሆኜ ስኖር ደግሞ የሚያስጨንቅ ነገር አጥቼ አላውቅም። መኪናው ያልተለመደ ድምፅ ቢያሰማ፣ ከፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ ቁርሱን ሳይበላ ቢወጣ፣ ሚስቱ ማዳም ስሜን ሁለቴ ብትጠራ ምን አጠፋሁ እያልኩ እውላለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን የቤቱ ትልቋ ልጅ የፒያኖ ትምህርት ነበር።

ወደ ትምህርቱ የምወስዳትና የምመልሳት እኔ ነበርኩ። አባትና እናቷ ያውቃሉ። የማያውቁት የከፊሌ እናት፣ ሁላችንም ሐጃ የምንላቸው አያቷ ናቸው። ሐጃ ሙዚቃ ሐራም ነው ብለው የቆረጡ ሰው ናቸው፤ እርሳቸው ባሉበት ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ሲያመጣ ድምፁ ይዘጋል። ከፊሌም ለሠራተኞቹ አንበሳ ይሁን እንጂ፣ እናቱ "ይቅር" ካሉት "እሺ" ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ነገሩ ጆሯቸው ከገባ ትምህርቱ በዚያው ቀን ያበቃል። ልጅቷ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ፊት ተቀምጣ የምትጫወትበት ትልቅ ፈተና ነበራት። ማዳም የመኪናውን መስኮት ይዛ "ሐጃ ከሰሙ ከአንተ ነው የማውቀው" ብላኛለች።

ሐጃ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን ስልክ ሰብስበው የማየት ልማድ አላቸው። ስለዚህ ልጅቷ የተጫወተችውን ትቀዳና ወደ እኔ ስልክ ትልከዋለች፤ መኪና ውስጥ እየሰማችም ስህተቷን ትለቅማለች። እኔም ሳልወድ በግዴ የክላሲካል አድማጭ ሆንኩ።

የኔ ሙዚቃ ካንትሪ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ስጀምር ሹፌሩ ከካንትሪ ሌላ ካሴት አልነበረውም። እንግሊዝኛው ለሁለታችንም አይገባንም፤ ግን የሚሌን በረሃ ስናቋርጥ ሁለታችንም ዐይናችን እንባ ያቀርር ነበር። ይህን ለልጅቷ ነግሬአት ስለነበር መንገዱን ሁሉ እንከራከራለን።

"ካንትሪ ቶሎ ይነግርሻል" አልኳት አንድ ቀን። "ሚስቱ ጥላው ሄደች፣ ዝናብ ዘነበ፣ እናቱ ናፈቀችው፣ ኸላስ፣ በቃ። ያንቺው ግን ልሂድ ብሎ ተነስቶ በር ላይ ወሬ እንደሚጨምር እንግዳ ነው። አለቀ ስትዪ ይቀጥላል።"

"የካንትሪውም የክላሲካሉም ቫዮሊን እኮ አንድ ነው፣ ዐሚ" አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። "አንዱ ቆሞ እየጨፈረ ይመታዋል፣ ሌላው ተቀምጦ ወረቀት እያየ። ደግሞ ሁለቱም ከቤት ይወጣሉ፣ ርቀው ይዞራሉ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጀመሩበት ድምፅ ይመለሳሉ።"

ይህን እኔም አምኛለሁ፤ ግን ለመሸነፍ አልቸኩልም። "ልዩነቱ ቃሉ ነው" አልኳት። "ካንትሪ ያመመው ማን እንደሆነ ይናገራል። የእናንተው ምስጢር ይጠብቃል፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም።"

"አንተ ቃሉ ሳይገባህ አይደል ያለቀስከው? እንግዲያ ለአንተ ካንትሪውም ክላሲካል ነበር ማለት ነው።" እስከ ቤት ድረስም ሳቀችብኝ።

በዚያው ሳምንት ከፊሌ ለሥራ ሪያድ ሄደ። ሐጃ "ዑምራ ውሰደኝ፤ አንተም ነጩን ኢሕራምህን ልበስና አብረኸኝ አድርግ" አሉኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያም ሆኖ ስልኬን አጥፍቼ የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መኪናው ስልኬን ካገኘ መጨረሻ የሰማነውን ነገር ማንም ሳይጠይቀው መክፈት ይጀምራልና።

"ለበይክ" የሚለውን ተልቢያ እያልን መካ መግቢያ ደረስን። እዚያ ፖሊስ የለመድኩትን መንገድ ዘግቶ ወደማላውቀው አዞረን። "ካርታህን አውጣ እንጂ፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሊያመልጠን ነው" አሉኝ ሐጃ። ምን ልበል? ስልኩን ከፈትኩት።

ፒያኖው መኪናውን ሞላው። ላጠፋ እጄን ስዘረጋ ከላይ የደረብኩት የኢሕራም ጨርቅ ተንሸራቶ ክንዴ ላይ ተጠመጠመ። በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው ጨርቁን ይዤ ስታገል ሙዚቃው ቀጠለ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ቅጂው መጨረሻ ላይ ተሳስታ መሳቅ ጀምራ ነበር።

"የማን ነው ይሄ?" አሉኝ ሐጃ ከኋላ።

ሌላ ቀን ቢሆን ዐይኔን በጨው ታጥቤ "ሬድዮ ነው" እል ነበር። ውሸት ሁልጊዜም ሐራም መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ስፌት የሌለው ነጭ ጨርቅ ለብሼ፣ "ለበይክ" እያልኩ በመጣሁበት አፌ ሊወጣልኝ አልቻለም። እውነቱን መናገር ደግሞ ልጅቷን አሳልፎ መስጠት ነው።

"ሐጃ፣ ኢሕራም ላይ ነኝ። ይህን አይጠይቁኝ" አልኳቸው።

ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ሳቁን ይስሙት አይስሙት ማወቅ አልቻልኩም። በመስታወቱ ሳያቸው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓውን፣ መቁጠር አቁመዋል።

ካዕባን የመዞሩን ጠዋፍ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋቸው አደረግን። ዱዓ ላደርግ አፌን ስከፍት የሚመጣብኝ ያ ፒያኖ ነው። በልቤ ሻንጣዬን ሸክፌ ጨርሻለሁ። ከራሴ ይልቅ ግን የከነከነችኝ ልጅቷ ነበረች፤ ይህን ጊዜ ምንም ሳታውቅ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጣቶቿን እያለማመደች ይሆናል። ምነው ካንትሪ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ወንድ ነው የሚዘፍነው፣ ስለ ሚስቱ ነው የሚያወራው፤ በኔ ሊሳበብ ይችላል። ምስጢር ይጠብቃል ያልኩት ክላሲካል ግን ሳቋን ይዞ ወጣ።

በሁለቱ ኮረብቶች መሃል የሚመላለሱበትን ሰዕይም ጨርሰን በመርዋ በኩል ወጣን። ሐጃ ከፀጉራቸው ጫፍ ትንሽ ቆረጡና "ሂድ ተላጭና ከኢሕራምህ ውጣ" ብለውኝ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። ምላጩ እየፋቀኝ ሳለ የማስበው ወደ ጅዳ የምንመለስበትን መንገድ ነበር፤ ምን እንደሚሉኝ፣ እኔስ ልጅቷን ምን ብዬ እንደምነግራት።

ስወጣ ራሴን አዩት። "ጨረስክ?"

"ጨረስኩ፣ ሐጃ።"

"ከኢሕራምህ ወጥተሃል?"

"ወጥቻለሁ።"

"እንግዲያ አሁን ልጠይቅህ። የማን ነው?"

ፊታቸውን አየሁት። ቁጣ የለበትም። እንደኔው የልጅቷ ስም እንዳይነሳ ፈርተው ነበር።

"የኔ ነው" አልኳቸው።

"ሳቁም?"

"ሳቁም የኔ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። "በል፣ ያላ፣ ወደ ቤት ውሰደኝ።"