ሰባተኛው ዋቢ

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር ነው። ልደታ ከምኖርበት ቤት ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ሄጄ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘርዝሬ ተመልሻለሁ። ቄሱ የዋቢ ጽሑፍን ነገር አያውቁም፣ ምኑን አስረዳቸዋለሁ እል ነበር። ማስረዳት ግን ሥራዬ ነው፤ መምህር ነኝ። ስለዚህ ለአንተ ለአንባቢዬ ከመጀመሪያው ላስረዳ።

በኮምፒዩተር ጥናት አንድ ሰው አዲስ ዘዴ ሲያገኝ ጽፎ ያሳትማል። በዚያ ዘዴ የተጠቀመ ሁሉ በራሱ ጽሑፍ መጨረሻ፣ በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ፣ የዚያን ሰው ስም ያሰፍራል። የተመራማሪ ማዕረግ የሚወሰነው ስንት ጻፈ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ስንት ሰው ጠቀሰው ተብሎም ነው። ስሙ ካልሰፈረ ሠርቷል የሚል የለም።

ጋሼ በዳዳ ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ኮሌጃችን አንጋፋ መምህር ነበሩ። እያንዳንዷን የአማርኛ ፊደል በሁለት ቁጥር ወክለው፣ ቁጥሮቹን ኮምፒዩተሩ በሚያነበው ካርድ ላይ በቀዳዳ በስተው፣ ኮምፒዩተሩ ስሞችን በሀሁ ተራ እንዲደረድር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ጽሑፋቸው የተባዛው በጥቂት ቅጂ ነበር። አንድ ጠዋት የደኅንነት ሰዎች መጥተው ከቢሯቸው ወሰዷቸው፤ ቅጂዎቹንም ከሌላው ወረቀት ጋር ጭነው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን እኔ በእሳቸው ዘዴ ላይ የተመሠረተች የመጀመሪያ ጽሑፌን ለኮሌጁ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ጽሑፉ የሚባዛበትን የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ በጽሕፈት መኪና መትቼ ጨረስኩ። ከዋቢዎቹ ሰባተኛው «በዳዳ ሂርጳ» ይላል። የእስረኛ ስም። ማጥፊያ ቀለም ቀባሁበት። እስኪደርቅ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ስምንተኛውን ሰባተኛ፣ ዘጠነኛውን ስምንተኛ አደረግሁ፤ ክፍተት እንዲታይ አልፈለግሁም። በጽሑፉ መሐል ያለውን «በዳዳ እንዳሳየው» አጥፍቼ «እንደሚታወቀው» ብዬ መታሁበት። ቦታው በቃው።

ማን አዘዘኝ? ማንም። ምን ተሰማኝ? ከፍርሃት በቀር ምንም። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጽሑፏ ተነበበች። ከውጭ አገር ሳይቀር ጠቀሷት፤ ዘዴውም በእኔ ስም ይጠራ ጀመር። የጠቀሱኝ ሰዎች የሚያውቁት እኔ የሰጠኋቸውን ዝርዝር ስለሆነ፣ እኔ ያጠፋሁት ስም እነሱም ዘንድ የለም። እኔ ያጠፋሁት አንድ ጊዜ ነው፤ በየመጽሔቱ ግን ሲጠፋ ኖረ። እኔ ማዕረግ አገኘሁ።

ከዓመታት በኋላ ጋሼ በዳዳ ተፈቱ። አብነት ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሰው ከኋላ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ከስተዋል፤ ሳቃቸው ግን ያው ነው።

«አንተ፣ አሁንም ተማሪ ነው የምትመስለው! ልጆቹ እንዴት ነው የሚፈሩህ?»

አቅፌ ሳምኳቸው።

«ሥራዬን መልሱልኝ ልል ነው» አሉ። «የጻፍከውን አምጣ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ አንዲት ወረቀት የለችኝም። አንተ ጠቅሰኸኛል አይደል?»

«እንዴታ ጋሼ!» አልኩ።

ያኔ እውነቱን ብናገር ሌላ ማስረጃ ለመፈለግ ጊዜ ነበራቸው። እኔ ግን አውቶቡሱ መጣ ብዬ ተሳፈርኩ።

የኮሌጁ ቅጥር ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው መጽሔቱን ገልጦ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ።

«አቶ በዳዳ፣ ስምዎ የለም እኮ» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ጸሐፊ፣ ጽሑፉ የእርስዎ ነው። የቀረ አለ?»

«ዝርዝሩ የተሟላ ነው» አልኩ።

ጋሼ በዳዳ አዩኝ።

«ተሳስቼ ይሆናል» አሉ ለሰብሳቢው። «ብዙ ጊዜ ሆነኝ፤ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር አምታትቼው ነው።»

እኔን ለማዳን ዋሹ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «አመልካቹ መሳሳታቸውን አምነዋል» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት መዘገብኩ።

ስቴንስሉን ስመታ ፈርቼ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በኮሚቴው ዕለትስ ምን ፈራሁ? ሰውየው ተፈትተዋል፤ ስማቸውን መጥራት ማንንም አያሳስርም። ያን ዕለት የጠበቅሁት ማዕረጌን ነው። እባክህ ሁለቱን አታደባልቅልኝ።

ጋሼ በዳዳ አሁን አብነት የጽሕፈት መኪና ይጠግናሉ። ባለፈው ወር ያችኑ የእኔን መኪና ወሰድኩላቸው። ፊደሎቿን አንድ በአንድ በነዳጅ አጽድተው፣ «ብዙ ሠርታልሃለች» ብለው መለሱልኝ።

ተማሪዎቼ «እንደሚታወቀው» ብለው ሲጽፉ በቀይ አሰምርበትና ጠርዙ ላይ «ማን አሳየው?» ብዬ እጽፋለሁ። ጠንቃቃ መምህር ነው ይሉኛል።

ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። በጸዳችው መኪና ለመጽሔቱ ማረሚያ ጽፌያለሁ። አንድ መስመር ናት፤ ሰባተኛው ዋቢ በዳዳ ሂርጳ ነው ትላለች። መሳቢያዬ ውስጥ ናት። እስካሁን አልላክኋትም።