ጽጌ ያልናት ሴት

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ልጄን ላስመዘግብ ቦሌ ቡልቡላ ሄጄ፣ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት በር ላይ የአንድ አሜሪካዊ ስም አየሁ። ከባርነት አምልጦ ዕድሜውን ሙሉ ባርነትን ሲታገል የኖረ ሰው ነው። እኔ የተማርኩበት የቦሌ ትምህርት ቤትም በእሱ ስም ይጠራ ነበር። ልጄ "አባዬ፣ እንግባ እንጂ" ስትለኝ ፊቴ በሀፍረት ግሎ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለወላጆች ቀን ስለ ሰውየው ንግግር እንዳደርግ ተመረጥኩ። ሁለት ሳምንት ማድ ቤት ቆሜ ስለፈልፍ ከረምኩ። የምታዳምጠኝ ሠራተኛችን ጽጌ ነበረች፤ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ስሳሳት ታርመኛለች። ሰውየው ጌቶቹ የሰጡትን ስም ጥሎ ለራሱ ስም ያወጣበትን ቦታ በጣም ትወደው ነበር።

"እሱን ድገመው፣ ኤርሚዬ" ትለኛለች።

ለምን እንደምትወደው አውቅ ነበር። ከወላይታ መጥታ እኛ ቤት ስትገባ ስሟ ዳንቺሌ ነበር። እናቴ "ይሄ ስም አይያዝልኝም" ብላ ጽጌ አለቻት። ያኔ በብዙ ቤት ሠራተኛ ስትቀጠር አዲስ ስም ይወጣላት ነበር፤ ነውር ነው የሚል አልነበረም። እኔም አላልኩም።

የወላጆች ቀን የዋለው ቅዳሜ ነበር፤ የሰኔ ዝናብ ሲያወርደው አረፈደ። ተራዬ ሊደርስ ሲል ዘበኛው አዳራሽ ድረስ መጣ።

"ዳንቺሌ የምትባል ሴት በር ላይ ቆማለች። የኤርሚያስ እህት ነኝ ትላለች። ታውቃታለህ?"

ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። በመስኮት ትታየኛለች፤ የክት ነጠላዋን ለብሳ፣ ጭቃ እንዳይነካው ጫማዋን በፌስታል ይዛለች።

"እንደዚህ የምትባል አላውቅም" አልኩት።

ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥቼ ተናገርኩ። የስሙ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ቤት ስገባ ምሳዬን አቀረበችልኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

"አንድም ቦታ አልተሳሳትክ" አለችኝ። "ድምፅ ማጉያው በር ድረስ ያሰማል።"

አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ይቅርታ የምትል አንዲት ቃል እንዴት እንዳቃተችኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። በመስከረም ለመስቀል አገሯ እንደሄደች አልተመለሰችም።

እናቴ አሁንም "ያቺ ጽጌ እኮ መልካም ልጅ ነበረች" ትላለች፤ እኔም አላርማትም። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ስነግራት "ለምን አታፈላልጋትም?" አለችኝ። ማፈላለጉስ ባልከፋ፤ ወላይታ ሩቅ አይደለም። ግን ባገኛት፣ በምን አፌ ዳንቺሌ ብዬ ልጥራት?