ረቂቁን ያጸደቅንበት ስብሰባ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር በነበረበት ዘመን፣ በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የቀረኝ የመመረቂያ ሥራዬ ብቻ ነው፤ በአንድ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን እያነበበ ስህተቱን የሚለቅም ፕሮግራም። ቋንቋው ገና በፈረንጅ አገር እየጸደቀ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ እየቆራረጠ የሚያነብበት የሰዋስው ደንብ እንደ ልብ አይገኝም። ሁለት ቅዳሜ ቡሬ ተመላልሼ፣ ኢንተርኔት ቤት መብራት ሲመጣ እየተቀመጥኩ ሲሄድ እየተነሣሁ፣ በመጨረሻ ረቂቁን አገኘሁት። አሳትሜ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ከመሥሪያ ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። የኮሌጃችን ዲን ያሳተምኩትን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ረቂቅ ይላል እኮ። ባልጸደቀ ሰነድ እንዴት አድርገን ነው የምንደግፍህ?»

«የሚያጸድቁት እዚያው ያሉት ናቸው፤ ገና ዓመታት ይፈጅባቸዋል» አልኳቸው።

«ታዲያ እኛ ስብሰባ መጥራት አቅቶናል?»

ዓርብ ከሰዓት፣ ከግቢ ጽዳትና ከችግኝ ተከላ ቀጥሎ፣ የእኔ ሰዋስው በተራ ቁጥር ሦስት ለውይይት ቀረበ። ደንቡ በቅንፍ ውስጥ ቅንፍ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ፣ ያለ ገደብ እንደሚፈቅድ አስረዳሁ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ እጃቸውን አወጡ።

«ያለ ገደብ የሚባል አሠራር የብክነት ምንጭ ነው። እኛ ራሳችን የተደራጀነው አንድ ለአምስት ነው፤ ቅንፉ ከአምስት የሚበልጠው ማን ስለሆነ ነው?»

ተጨበጨበ። ማሻሻያው ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ በየገጹ ክብ ማኅተም አረፈ። ባሕር ማዶ ያሉት ሊቃውንት ዓመታት የተጨቃጨቁበትን እኛ ሻይ ሳይቀርብ ጨረስነው። ዲኑ «አፈጻጸሙን ሳላይ አልፈርምም» ስላሉ፣ የአምስቱን ገደብ ፕሮግራሜ ውስጥ አስገባሁ። ደብዳቤው ቃለ ጉባኤውን አባሪ አድርጎ ስለተላከም ገደቡን መልሼ ለማውጣት ፈራሁ።

የመመረቂያ ሥራዬን ሳቀርብ ፈታኙ ኮምፒውተሩ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ስድስት ቅንፍ ጻፉ። ፕሮግራሜ ስህተት ነው አለ። ደገሙት፤ አሁንም ስህተት።

«ቋንቋው ይህን ይፈቅዳል። ገደቡን ከየት አመጣኸው?»

አባሪውን አሳየኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። እስከ ፊርማዎቹ ድረስ አነበቡት።

«ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ቋንቋውን የሚያውቅ ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

ጣታቸውን «በሙሉ ድምፅ» ከሚለው ላይ አሳርፈው ጠበቁኝ። ያን ዓርብ የእኔም እጅ ወጥቶ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። በዚያ ዓመት ሳልመረቅ ቀረሁ።