ደብተር የያዘችው ልጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ከእኔ ሰማንያ ዓመት የሚወጣው፣ ወረታ ላይ ያየኋት፣ ስሟን የማልጽፈው አንዲት ልጅ ናት።

ጊዜው ጎጃም በግብር ሰበብ ያመፀበት፣ 1960 ዓ.ም. ነው። እኔ የወረታ ፖሊስ የምርመራ ጸሐፊ ነበርኩ። እሷ ዐሥራ አራት ቢሆናት ነው። የወንድሟን ካኪ ኮት ለብሳ፣ እርሳሷን ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታ፣ እግሯ በፎገራ ጥቁር ጭቃ እንደተለወሰ ከቢሯችን በር አትጠፋም ነበር። የቤታቸውን ውሎ በደብተር ትጽፋለች፤ የላሟን መውለድ፣ የእናቷን ቁጣ፣ ደግሞም ይህን፦ «ዛሬ አጎቴ ሸፍቶ ከጎጃም መጣ። አባዬ ጠመንጃውን ጭድ ውስጥ ደበቀለት።»

ደብተሩ በፍተሻ ተያዘ፤ አባቷም ታሰሩ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ይፋግ ገበያ በወጡ ቁጥር «የኔዋ እኮ ትጽፋለች!» እያሉ የሚኮሩ።

ልጅቱ በራችን ላይ እየጠበቀች መርማሪውንም፣ ዘበኛውንም፣ እኔንም የለመነችን አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ደብተሩ ይቅርብኝ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን ብቻ ለአባዬ አይንገሩብኝ።»

አባቷ ፊት አንብብ ተባልኩ። ሽፋኑ ላይ ከጻፈችው ስሟ ጀምሬ አነበብኩት፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።